የማትደመጠዋ ሰማያዊ ሸክላ

ጥርስ ሠሪው ክፉ ሰው አይደለም። ኋላ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ስላለ ይህ አስቀድሞ ይነገርለት። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ፣ አንድ መስኮትና አንድ የውሃ ቧንቧ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀሶ ሲበጠብጥ፣ ሰም ሲያቀልጥ፣ በሮዝ ድድ ላይ ነጫጭ ጥርስ ሲደረድር ዕድሜው ሃምሳን ተሻገረ። ትናንት በውሃ የራሰ ብስኩት ብቻ ይውጡ የነበሩ ሽማግሌዎች ዛሬ ካሮት በጥሬው የሚቆረጥሙት በእሱ እጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ የሚጠላው ሰው እንኳ ይህን አይክድም። ችግሩ እጁ ላይ አይደለም። ችግሩ ሸክላ ነው።

ሸክላ ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ የተገኘው የሙዚቃ ሸክላ ሁሉ አይምሰላችሁ። ሱቅ ገብተው የሚገዙት ሙዚቃ ለጥርስ ሠሪው ሙዚቃ አይደለም። ዘፈኑ ከገበያ ከጠፋ፣ አሳታሚው ከከሰረ፣ ዘፋኙ የት እንደገባ ካልታወቀ፣ ያኔ ብቻ ነው ጆሮው የሚቆመው። "እሱማ እኮ በየሱቁ ሞልቷል" ካሉት አበቃ፤ ድምፁ የመልአክ ቢሆን ፊቱን ያዞራል። አንድ ጊዜ እንደ ዐይኑ ብሌን የሚያየው ሸክላ እንደገና ታትሞ ወጣና ስንት ቀን ምግብ አልበላ ብሎ ሲተክዝ፣ ሚስቱ ዘመድ ሞቶበት የደበቃት መስሏት ነበር።

አደኑን የሚያካሂደው በሥራ ሰዓት ነው። አሮጌ ሸክላ ያለው አሮጌ ሰው ዘንድ ነው፤ አሮጌ ሰው ደግሞ ጥርስ ያስፈልገዋል። የክሊኒኩ ሐኪም ሰነፍ ቢጤ ስለሆነ የድድ ልክ መውሰዱን ሳይቀር ለእሱ ጥሎለታል። ልክ ሲወሰድ ሊጥ የመሰለ ነገር የተሞላ ብረት አፍ ውስጥ ይገባል፤ ሊጡ እስኪጠነክር ድረስ ታካሚው አፉን በልቅጦ መቀመጥ አለበት። መናገር አይችልም፣ ተነስቶ መሄድ አይችልም፣ እምቢ ማለትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ይህን ጊዜ ጥርስ ሠሪው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይጠጋል።

"አባባ፣ መቼም በእርስዎ ዘመን የሸክላ ማጫወቻ የሌለው ቤት አልነበረም። የት አደረጉት? ቆጥ ላይ ነው? ዕቃ ቤት ነው? ልጆቹ ጣሉት እንዳይሉኝ ብቻ!"

ሽማግሌው ዐይናቸውን ያጉረጠርጣሉ፣ በአፍንጫቸው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ራሳቸውን ነቅነቅ ካደረጉ አለ ማለት ነው። ነቅነቅ ያሉት አክታ አንቋቸው ቢሆንም ጥርስ ሠሪው በሳምንቱ "እግረ መንገዴን ነው" ብሎ በራቸውን ያንኳኳል።

ቤቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ድሮ የስፌት መኪናዋ ፀሐይ በምትገባበት ክፍል መስኮት ሥር ነበረች። ሸክላው ሲበዛ ግን ጥርስ ሠሪው "የመኪና ንዝረት ሸክላ ያጎብጣል" የሚል ነገር ከየትም አምጥቶ መኪናዋን ወደ ኮሪደሩ አሰደዳት። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ የምትሰፋው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ሆነ፤ ሽንት የቸኮለ እንግዳ ሁሉ የሰው መጋረጃ እየዘለለ ነው የሚያልፈው።

"እኔ ጨለማ ውስጥ መርፌ ልሰካ፣ እነሱ ብርሃን ምን ሊያደርግላቸው ነው?" ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን።

"ብርሃንማ ጠላታቸው ነው። እንዲያውም መጋረጃ ስፊላቸው ልልሽ ነበር።"

ሰፋችላቸው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ባለ ሁለት ድርብ። ስትሰፋ ምን ምን እያለች እንደሰፋችው እሷና የስፌት መኪናዋ ናቸው የሚያውቁት።

እንደ እሱ ያሉት ደግሞ ማኅበር አላቸው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሰዓት ጠጋኝ ሱቅ ጓዳ፣ የቆሙ የግድግዳ ሰዓቶች ሥር ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ስለ ምንም ይናገሩ ግድግዳው ላይ ካርታ የተሰቀለ ይመስል በጣታቸው እየጠቆሙ ነው። ሰዓት ጠጋኙ የማጫወቻ መርፌም ስለሚሸጥ "መርፌ" ነው የሚሉት። ሌላው ጢሞ ነው። ጢሞ አይናገርም፤ ሌላው ሲናገር ግን ጢሙን እየደባበሰ "እህ" ይላል፤ በዚህ "እህ" ብቻ የማኅበሩ ሊቅ ተብሎ ተከብሮ ይኖራል። አራቱም ይዋደዳሉ። አንዱ ሸክላ ያለበት ቤት ካወቀ ግን ሌሎቹን ከተማው ማዶ ወዳለ ሰፈር ነው የሚልካቸው።

የማኅበሩ ሃይማኖት ሰማያዊዋ ነበረች። አንዲት ወጣት ሴት ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሸክላ ብቻ አስቀርጻ ጠፋች። ሽፋኑ ላይ ፎቶ የለም፤ ዝም ብሎ ሰማያዊ ነው። ሸክላው አልተሸጠም። ማሳተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ድምፁ የተቀረጸበትን ዋናውን ክር ከነካርቶኑ ወስደው ጣሉት። ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ማኅበሩ ራሱ ሞላው። ዘፋኟ ፍቅር ጎድቷት በአፍላነቷ ሞታለች ተባለ። የት? መቼ? እሱን የጠየቀ የለም። በተለይ ደግሞ የሸክላው ጀርባ አራተኛ ዘፈን! ሰብሳቢው በልጅነታቸው ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምተውት ተንሰቅስቀው አልቅሰዋል። መርፌ ክላርኔቱ ብቻውን የሚያለቅስባትን ቦታ በእጁ እያሳየ ይተርካል። ጢሞ "እህ" ይላል። ጥርስ ሠሪው መጀመሪያ ላይ ሰው ላለማሳፈር "አዎ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ" አለ። እየቆየ ግን ይስማው አይስማው ራሱም ተምታታበት፤ ስለ ዘፈኑ ሲወራ የሚያቀርረው እንባ የእውነት ሆነ።

ሸክላዋን ያገኛት ማኅበሩን ያቋቋሙት መድኃኒት ቀማሚ ያረፉ ዕለት ነው። አባላቱ ሁሉ ሊያጽናኑ ሄዱ፤ ሁሉም ሰፋፊ ቦርሳ ይዘው ሄዱ። ሰብሳቢው ስለ ሟቹ ደግነት ሲናገሩ ዐይናቸው ከመደርደሪያው ላይ አልተነቀለም። መርፌ ዕቃ ላግዝ ብሎ ጓዳ ገባና ባዶ እጁን ወጣ። ጥርስ ሠሪው ብቻ የሟቹ ሚስት ስታለቅስ አፏን አየ፤ የላይኛው ጥርስ ከፊት ለፊት የለም። ጠጋ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ አየችውና፣ ከአልጋ ሥር ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ የነበረችውን ሰማያዊዋን አውጥታ ሰጠችው። ጥርሱ ከወር በኋላ ደረሰላት። የማኅበሩ አባላት ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጥርስ ሠሪውን በአንድ በኩል እንደ ንጉሥ፣ በሌላ በኩል እንደ ሌባ ያዩት ጀመር።

ያገኛትን ሸክላ አጫወታት? በጭራሽ። የማጫወቻ መርፌ በነካት ቁጥር ትሞታለች ይላል። አባላቱ እሑድ መጥተው እጃቸውን ታጥበው ያዩዋታል፣ ሽፋኗን ያሸቱታል፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። የሽፋኑ ጀርባ ውሃ ነክቶት የዘፈኖቹ ዝርዝር ጠፍቷል። ሸክላው ጀርባ ላይ ግን ለቆጠረ ሰው የሚታየው የሦስት ዘፈን ቀለበት ብቻ ነበር። ይህን መጀመሪያ ያየው መርፌ ደነገጠ። ሰብሳቢው ግን ጣታቸውን ቀስረው፣ "ሦስተኛውና አራተኛው ትንፋሽ ሳይወሰድ የተያያዙ ናቸው፤ ትልቅነቷ እኮ እዚህ ላይ ነው" አሉ። ጢሞም "እህ" አለ። ነገሩ ተዘጋ።

እንዲህ ተከብራ በጥቁር መጋረጃ ውስጥ ስትኖር ነው አንዲት አሮጊት ክሊኒኩ የመጡት። ቀጥ ያሉ፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ጥርስ የሚባል ነገር ድዳቸው ላይ ያልቀረ ሴትዮ ናቸው። ጥርስ ሠሪው ሊጡን በጠበጠ፣ ብረቱን ሞላ፣ አፋቸው ውስጥ ከተተና ወንበሩን ሳብ አደረገ።

"እማማ፣ ቤትዎ የሙዚቃ ሸክላ አለ?"

በራሳቸው የለም አሉት። ሊጡ ግን ገና ስላልጠነከረና ሰውየውም ዝም ማለት ስለማያውቅ ስለ ሰማያዊዋ ያወራላቸው ጀመር። ሴትዮዋ ዐይናቸው ፈጠጠ።

"አያውቋትም እንጂ ቢያውቋት! እንዲህ ያለ ድምፅ ምድር ላይ የለም። ምን ዋጋ አለው፣ በለጋነቷ ሞተች።"

"ምም!" አሉ ሴትዮዋ።

"አዎ፣ ያሳዝናል። የፍቅር ነገር ነው ይላሉ።"

"ምም! ምም!"

"እንዳይናገሩ፣ ልኩ ይበላሻል። የጀርባው አራተኛ ዘፈንማ..." ዐይኑን ጨፍኖ የሆነ ዜማ አንጎራጎረ፤ ከየትኛው ዘፈን እንደመጣ አንድዬ ይወቀው። ሴትዮዋ የነጭ ጋውኑን እጅጌ ጨምድደው ያዙት። ዘፈኑ የነካቸው መሰለውና በርኅራኄ እጃቸውን መታ መታ አደረገ።

ብረቱ ሲወጣ ሴትዮዋ ተጉመጠመጡ፣ ተፉ፣ አፋቸውን በደንብ ጠረጉ።

"ስማ አንተ ልጅ፣" አሉት በድዳቸው፣ "መጀመሪያ ነገር አልሞትኩም።"

"ምን አሉኝ?"

"አልሞትኩም። ሁለተኛ ነገር አራተኛ ዘፈን ብሎ ነገር የለም። ሦስት ነው። አራተኛውን ልንቀርጽ ስንል ክላርኔት ነፊው እንግዳ ይጠብቀኛል ብሎ ጥሎን ሄደ።"

ጥርስ ሠሪው ፈገግ አለ። ከአሮጊት ጋር መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። "እማማ፣ አይቀየሙኝና እርስዎ እሷ ሊሆኑ አይችሉም።"

"ለምን አልሆንም?"

"ስለ እሷ እኔ አጥንቻለሁ።"

ሴትዮዋ ሳቁ፤ ለጥቂት ጊዜ ድድ ብቻ ሆኑ። ዘፈኑ አልሄድ ሲላቸው ሌላ ሥራ እንደያዙ ነገሩት። የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ላይ ተቀምጠው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መንገደኛ ሲጠሩ ነው የኖሩት። ጉሮሯቸውን ጠርገው አሳዩት። "ክቡራን መንገደኞች፣ እባካችሁ ትኬታችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ በር ሦስት ተጠጉ።"

የጥርስ ሠሪው ጸጉር ቆመ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የሠርጉ ማግስት አውቶቡስ ሲጠብቅ ይኸው ድምፅ ነበር የጠራው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሰብሳቢው እናታቸውን ሊጠይቁ በሄዱ ቁጥር ሰምተውታል። መርፌ መናኸሪያው አጠገብ ተከራይቶ በሚኖርበት ጊዜ "ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትተኛው?" እያለ መስኮቱን ይዘጋ ነበር። አራቱም ድምፅዋን ሲያስሱ የኖሩትን ሴት በነፃ ሲሰሟት ኖረው ጆሯቸውን ሲደፍኑባት ነበር።

"ሸክላዋ አንተ ጋ ናት?" አሉት ሴትዮዋ ፊታቸው በርቶ። "እኔ ጋ እኮ አንድም አልቀረም። የእህቴ ልጅ ድምፅ መቅረጫ ቤት አላት። አንድ ንጹሕ ሸክላ ባገኝ ከእሱ ገልብጬ፣ አጥርቼ እንደገና አወጣልሻለሁ ትለኛለች። ታውሰኛለህ አይደል?"

ጥርስ ሠሪው ዕድሜ ልኩን ያመለካት ሴት ከፊቱ ተቀምጣ ሞቅ ያለ ነገር የተሰማው አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው። "እንደገና" የምትለዋ ቃል ስትገባው ወገቡ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የቸለሱበት መሰለው።

"እስቲ... ይታያል" አለ።

እሑድ ለማኅበሩ ነገራቸው። ይደሰታሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም።

"በሕይወት አለች ነው የምትለን?" አሉ ሰብሳቢው ቅር ብሏቸው፤ ሴትዮዋ በመኖራቸው የሆነ ነገር የወሰዱባቸው ይመስል።

"በሕይወት አለች። ልታሳትመው ትፈልጋለች።"

"ከታተመማ የትም ተራ ዕቃ ሆነ ማለት ነው!" አለ መርፌ። "የፀጉር ቤቱ ሁሉ ሊያስጮኸው ነው። ታክሲው ሁሉ!"

"እኛ ይህን ድምፅ ለመጠበቅ ነው የተቋቋምነው" አሉ ሰብሳቢው ጣታቸውን ቀስረው። "ከማን? ከሰው ነዋ! ደግሞ አራተኛ ዘፈን የለም ማለቷ የሚያሳየው ምንድን ነው? አርጅታለች። የራሷን ሥራ እንኳ አታውቀውም። እንዲህ ላለ ሰው አደራ አይሰጥም።"

ጢሞ "እህ" አለ። ተወሰነ።

እዚህ ላይ ነው ጥርስ ሠሪው ያጠፋው። ለሴትዮዋ በቀጥታ እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ ስለዚህ ጥርሳቸውን ያዘባቸው። ጥርሱ አልቋል። እንዲያውም እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ድዱ ሕይወት ያለው፣ ጥርሱ ትንሽ ገባ ወጣ ብሎ የተፈጥሮ የሚመስል። ግን ጥርሳቸውን ሊወስዱ በመጡ ቁጥር ስለ ሸክላዋ ይጠይቁታል፤ ስለዚህ መምጣት የለባቸውም። "ጀሶው ተሰነጠቀ" አላቸው። ደግሞ "የመጣው ሰም አልሆነም" አላቸው። ሐኪሙ አግኝቶ እንዳያስረክብበትም ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደና ከሸክላዎቹ ኋላ ወሸቀው። ሴትዮዋ ሾርባ እየመጠጡ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ።

ሚስቱ መጋረጃዎቹን አውርዳ ልታጥብ ስትል የሆነ ጨርቅ እግሯ ሥር ዱብ አለና ተፈታ። አንድ ሙሉ አፍ መሬት ላይ ሆኖ ሳቀባት። ጩኸቷን ጎረቤት ሰማ። ከዚያ ተረጋግታ አነሳችው፤ ክሊኒኩ ደውላ ለጸሐፊዋ በጨርቁ ላይ የተጻፈውን የታካሚ ስም ነገረቻት፤ ጸሐፊዋም ሳትጠየቅ የቀረውን ሁሉ ነገረቻት። ባሏ ሲመጣ ጥርሱ ሳህን ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

"ይሄ ማነው?" አለችው።

"ምኑ?"

"ከሸክላዎችህ ጀርባ ሆኖ ሲስቅብኝ ያገኘሁት።"

ጥርስ ሠሪው ስለ ጀሶና ስለ ሰም ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ ዐይኗን ሲያይ ዘጋው። ከዚያ አምልጦት ሁሉንም ተናገረ። ስለ አደራ፣ ስለ ፀጉር ቤት፣ ስለ ታክሲ፣ ስለ ሰብሳቢው ንግግር።

"እንግዲህ አንዲት አሮጊት በሾርባ ሆዷን ስትደልል፣ አንተ እዚህ ካርቶን ታሸታለህ?"

"አንቺ ሙዚቃ አይገባሽም።"

"አይገባኝም። ጥርስ ግን ይገባኛል" አለችና ሳህኑን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ በብርሃን ተጥለቅልቋል። ጥቁሩ መጋረጃ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ጥርሱ የለም፣ ሚስቱ የለችም፣ ሰማያዊዋ የነበረችበት ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ጥርስ ሠሪው ጫማውን አውልቆ ለመሮጥ ምንም አልቀረውም። የሴትዮዋ የእህት ልጅ መቅረጫ ቤት የት እንደሆነ ጸሐፊዋን ጠይቆ፣ ቁልቁለቱን ተንከባሎ፣ ከአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ያለውን ደረጃ እያለከለከ ወጣ።

ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠች ትንሽ ክፍል ናት። የእህት ልጅ ማዳመጫ አጥልቃ ማጫወቻው ላይ ተደፍታለች። ሚስቱ የሴትዮዋን ቦርሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ አዲሱን ጥርስ ገጥመው ዳቦ ይገምጣሉ፤ ጥርሱ ልክክ ብሏል። ሰማያዊዋም እየዞረች ነው። መርፌው ላይዋ ላይ ነው።

"ኧረ አቁሙ!" አለ ጥርስ ሠሪው።

"ዝም በል፣ እየቀረጽኩ ነው" አለችው የእህት ልጅ ዞር ብላ ሳታየው። ሚስቱ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት። ተቀመጠ። ሌላ ምን ያደርጋል?

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማያዊዋን ሰማት። ሰማት ከተባለ። አንዲት ልጅ ትንሽ ከፍ ባለ ቃና፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ ግን ደፍራ ትዘፍናለች። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ የእህት ልጅ ዐይኗን ጨፈነች። ጥርስ ሠሪው ግን አንድ ቦታ ላይ የተሰማችውን "ጠቅ" የምትል ጭረት ነበር የሚያዳምጠው። ከየት መጣች? ብርድ ልብሱ ነው? መርፌ ነው ባለፈው እሑድ በጥፍሩ የነካት? ይህን ሲያብሰለስል የሸክላዋ የፊተኛው ገጽ ዘፈን ሁሉ አለቀ።

ሸክላዋ ተገለበጠች። አንድ ዘፈን፣ ሁለት ዘፈን፣ ሦስት። ሦስተኛው ሲያልቅ ጥርስ ሠሪው ወደ ፊት ተጠጋና ጆሮውን ቀሰረ። ትንፋሽ ሳይወሰድ የሚያያዘው አሁን ነው። ክርር... ክርር... ክርር... መርፌው ባዶው ላይ ይዞራል። እሱ ይጠብቃል።

"ምን ትጠብቃለህ የኔ ልጅ?" አሉት ሴትዮዋ የዳቦ ፍርፋሪ ከሹራባቸው ላይ እያራገፉ። "አለቀ እኮ።"

ኩም አለ። ያን ሁሉ ዓመት ያለቀሰበት ዘፈን ባዶ ሸክላ ሲፋቅ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሚስቱ ልትስቅበት የምትችልበት ሰዓት ይህ ነበር፤ አልሳቀችም። ሴትዮዋም ሁለት ሳምንት ስለመጠጡት ሾርባ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዳቦውን ቆርሰው ሰጡትና "ብላ፣ ሮጠህ ነው የመጣኸው" አሉት። ስድብ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሰማያዊዋ በዚያው ዓመት እንደገና ታትማ ወጣች። መርፌ የፈራው ሁሉ ደረሰ። ፀጉር ቤቱ ያስጮኻታል፣ ታክሲው ያስጮኻታል፣ ወጣቶች በስልካቸው እያጫወቷት በጥርስ ሠሪው መስኮት ሥር ያልፋሉ። ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አዲሱ ቅጂ ነፍስ የለውም ተባለ፤ አንዳቸውም ግን አልሰሙትም ነበር። ጥርስ ሠሪው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ዘፋኟ ራሷም ነግራኛለች፣ አራተኛ ዘፈን የለም ብሎ መሰከረ። ሰብሳቢው ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ።

"በዚህኛው እትም ላይ ነው የሌለው" አሉ። "ከዚህ በፊት ሌላ እትም ነበር ማለት ነው። አራት ዘፈን ያለው። አሁን ገባኝ፣ እስከ ዛሬ ስንፈልግ የነበረው እሱን ነው።"

የመርፌ ፊት እንደገና በራ። ጢሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "ልክ ነው" አለ። በዚያው ስብሰባ ጥርስ ሠሪው ምሥጢር በማውጣትና የማኅበሩን ቅርስ ለሕዝብ አሳልፎ በመስጠት በአንድ ድምፅ ተባረረ። እየወጣ ሳለ ከኋላው የትኛውን ሰፈር ማን እንደሚያስስ ሲከፋፈሉ ሰማ፤ በሩ ላይ ቆም ማለቱንም ማንም አላስተዋለም። ሊመለስ ፈልጎ እንደነበር ለሚስቱ የነገራት ብዙ ቆይቶ ነው።

የእህት ልጅ ሴትዮዋን በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ አዘፈነቻቸው። ሚስቱ የመድረኩን መጋረጃ ሰፍታ ስለነበር ከፊት ተቀመጠች፤ ጥርስ ሠሪው ከኋላ፣ ምሰሶ አጠገብ ቆመ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሴትዮዋ ያንኑ ሹራብ ለብሰው ወጡ፣ ማይክሮፎኑን እንደ መናኸሪያው መታ መታ አድርገው ሞከሩት፤ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ዘፈኑ።

ከጎኑ የቆመ አንድ ሰው ጥርስ ሠሪውን አየው። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣብቋል። "ዘፈኗ ነካህ መሰለኝ" አለው ሰውየው በሹክሹክታ። ጥርስ ሠሪው ዐይኑን ከሴትዮዋ አፍ ላይ አልነቀለም። ከፍ ያለችው ቦታ እየደረሰች ነበር፤ አፍ ወለል ብሎ የሚከፈትባት፣ የላይኛው ጥርስ ካልያዘ የሚወልቅባት ቦታ። ሴትዮዋ አንገታቸውን ወደ ኋላ አድርገው ለቀቁት። ድምፁ ወጣ፣ ቆየ፣ አዳራሹን ዞረ፤ ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። አንዲት ፊደል እንኳ አላፏጨችም።

ጥርስ ሠሪው ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ፤ መዳፉ እስኪቀላ። በእረፍቱ ሚስቱ ፈልጋ መጣችና ዐይኑ መርጠቡን አይታ ገረማት።

"እና፣ እንዴት ነው?" አለችው።

"ያዘ" አላት።

እሷም ስለ ምን እንደሚያወራ ገብቷት፣ ክንዱን ይዛ ከፊት ባስቀመጠችለት ወንበር ላይ ልታስቀምጠው ወሰደችው።